ዕውቀትንም እናስረክብ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ወይም ጡረታ ሲወጣ ክሊራንስ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መመለሱን፣ ንብረት ክፍሉ ኮምፒውተርና ቁልፍ ማስረከቡን፣ ፋይናንስ ዕዳ እንደሌለበት አይቶ ይፈርማል። በሥራ ዘመኑ ያካበተውን ዕውቀት ለማን እንዳስረከበ የሚጠይቀው ግን እምብዛም የለም።

ዕውቀት ሁለት መልክ አለው። አንዱ በሞጁል፣ በመመሪያና በጥናት ወረቀት የሰፈረው ነው፤ ኮፒ ተደርጎ ለሌላው ይደርሳል። ሁለተኛው በልምድ የዳበረውና ከባለቤቱ ጋር የሚኖረው ነው። የሃንጋሪ ተወላጁ ኬሚስትና ፈላስፋ ማይክል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በቃል ማስረዳት እንደማይችል አሳይቷል።

ስፔክትሮፎቶሜትርን እንውሰድ። ናሙና ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ የሚለካ የላብራቶሪ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሞቅ እንዳለበት ማኑዋሉ ይናገራል። በላብራቶሪው ያለው አሮጌ መሣሪያ ለመሞቅ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ንባቡ እንዴት እንደሚዛባ፣ የትኛው የናሙና መያዣ ጭረት እንዳለው የሚያውቀው ግን ቴክኒሻኑ ነው። እሱ ሳያሳይ ከሄደ ተተኪው ከሀ ይጀምራል፤ እስኪለምድም የተመራቂዎች ናሙና ይባክናል።

እንዲህ ያለው ዕውቀት የሚተላለፈው አብሮ በመሥራት ነው። ጃፓናውያኑ የማኔጅመንት ምሁራን ኢኩጂሮ ኖናካና ሂሮታካ ታኬውቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ በኩባንያዎች ውስጥ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ኤችዲፒ (የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም) በሚባለው ሥልጠና መምህራን ተሰባስበው ስለ ማስተማር ዘዴያቸው ይወያያሉ። ሥልጠናው ሲያበቃ ውይይቱም አብሮ ማብቃት የለበትም።

ብዙዎች የማያካፍሉት ክፉ ሆነው አይደለም። የማስተማር ጫናው ጊዜ አይሰጥም፤ የደረጃ ዕድገትም የታተመ ጥናትን እንጂ ጀማሪን ለማብቃት የዋለን ሰዓት ብዙም አይቆጥርም። አንዳንዱ ደግሞ የያዘውን ከሰጠ ተፈላጊነቱ የሚቀንስ ይመስለዋል። ስለዚህ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ተተኪው ከነባሩ ጋር ቢያንስ አንድ ሴሚስተር እንዲሠራ ያድርጉ፤ ይህም በሥራ ምዘና ላይ ነጥብ ይኑረው።

ነባር መምህራንና ባለሙያዎች ሆይ፣ መመሪያ እስኪወጣ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት አንድ ጀማሪ ባልደረባችሁን ወደ ክፍላችሁ ወይም ወደ ላብራቶሪያችሁ ጋብዙ፤ ስትሠሩ ይይ፣ ይጠይቅ፣ በእጁም ይሞክር።