የንባብ ቤት ሥርዓተ ትምህርት

በአገራችን ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ታሪኩን የሚጀምሩት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በአዲስ አበባ ከተከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ዳሩ ግን ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዘመናት፣ በየደብሩ ቅጽር ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በየኔታ ጎጆ ደጃፍ፣ ሕፃናት ፊደል ሲቆጥሩ ኖረዋል። ይህ ስፍራ ንባብ ቤት ይባላል። ከርሱ በላይ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጽሐፍ ቤት አሉ፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የመጀመሪያውን፣ ማለት የሕፃናቱን ቤት ብቻ ነው።

በዚህ ቤት ላይ የሚሰነዘረው ነቀፋ የታወቀ ነው፤ «ልጆችን በቃል ከማስሸምደድ በቀር ምንም አያስተምርም» ይባላል። ከእኛም መካከል በዚሁ ቤት ያለፉ ስላሉ ነቀፋው ከየት እንደ መጣ አናጣውም። ነገር ግን ምን ከምን እንደሚቀድም አንድ በአንድ ስንመረምረው፣ ነቀፋው ከስፍራው ውጭ የወደቀ መስሎ ታየን። ቤቱ ከሽምደዳ ጋራ ሲታገል የኖረ ነው፤ የጎደለውም ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ሕፃኑ የፊደል ገበታ ይሰጠዋል፤ ጥንት በብራና ላይ የተጻፈ፣ በኋላ ግን በማተሚያ የታተመ ነው። በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ይቆጥራል። በአማርኛ ገበታ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ማንበብ የሚችል ሰው እስከ ዛሬ «ፊደል የቆጠረ» መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው።

ሕፃን ግን ብልሃተኛ ነው። ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ዜማውን ይይዘውና ዓይኑ ወደ መንገድ ሲመለከት አፉ ብቻ ይቆጥራል፤ ስንደዶው ከአንድ ፊደል ላይ ቆሞ ምላሱ ሌላውን ይጠራል። የኔታም ይህን ስለሚያውቁ ቁጥሩን ያዘዋውሩታል፤ አንድ ጊዜ ወደ ጎን፣ አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያስቆጥራሉ። ይህም አልበቃ ሲል አቡጊዳ ይመጣል።

አቡጊዳ እንዲያው ሁለተኛ ፊደል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የፊደላቱ ተራ ከሀለሐመ ተለውጦ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ እያለ ይሄዳል፤ ድምፁም በየፊደሉ አንድ እርምጃ ይሻገራል። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲሆን ሁለተኛው «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ» ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በአንድ መስመር ላይ በሰባት ልዩ ልዩ ፊደላት ያልፋሉ። የ«ሀ ሁ ሂ» ዜማ እዚህ አይረዳም፤ ልጁ የግድ ፊደሉን ማየት አለበት። እኛ ይህን የምናየው እንደ ፈተና ነው፤ ያውም ቁጣም አለንጋም ሳያስፈልገው በራሱ የሚፈትን ፈተና። ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ የጽሕፈት ሊቅ በ1990 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) እንደኛ ፊደል ያሉትን የጽሕፈት ዓይነቶች ሁሉ በወል ለመጥራት ይህንኑ «አቡጊዳ» የሚለውን ቃል መርጧል። የንባብ ቤት ሕፃናት የተንገላቱበት ቃል በዓለም ሊቃውንት መዝገብ መግባቱ ያስደስተናል።

ከአቡጊዳ ቀጥሎ «ሐዋርያ» ይመጣል፤ ይኸውም የመጀመሪያው የዮሐንስ መልእክት ነው። እዚህ ልጁ አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ፣ ግን በልዩ ልዩ ፍጥነት ያነባል። በግዕዝ ሲሉት ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየ ይጠራል፤ በውርድ ንባብ ፊደላቱን በዜማ አያይዞ ቃል ያደርጋቸዋል፤ በቁም ንባብ ግን ሳይጎትት፣ እንደ ንግግር አቅንቶ ይዘልቀዋል። በዚህ ጊዜ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ የሚባሉት የንባብ ስልቶች ይፈለጋሉ። መጥበቅና መላላትም አለ፤ ፊደላችን ይህን በምልክት አያሳይም፤ «አለ» ብለን ስንጽፍ የተናገረውም ያለውም በመልክ አንድ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከገበታው ብቻ ሳይሆን ከየኔታ አፍ የሚወሰድ ሆነ። ሁሉም ልጆች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የየራሱን፣ ጮኸው ያነባሉ፤ የኔታም በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንዱ ያጠበቀውን ላላ ፊደል ለይተው «ተመለስ» ይላሉ። ክፍል የሚባል ነገር የለም። የቀደመው የኋለኛውን ያስቆጥራል፤ ፈጣኑ ዘገምተኛውን አይጠብቅም፤ ዘገምተኛውም «ወደቀ» አይባልም።

የንባቡ ፍጻሜ ዳዊት ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሱለታል፤ ለየኔታም ስጦታ ያቀርባሉ።

እንግዲህ የጎደለው ምንድር ነው? የጎደለው ትርጓሜው ነው። ሐዋርያውም ዳዊቱም የሚነበበው በግዕዝ ሲሆን፣ ሕፃኑ በቤቱ የሚናገረው አማርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ነው። የግዕዝ ሰዋስው የሚገለጥለት ቅኔ ቤት ሲገባ፣ ምሥጢሩም መጽሐፍ ቤት ሲደርስ ነው። ሥርዓቱ የታሰበው ልጁ ሁሉንም ቤቶች እንዲያልፍ ተደርጎ ነው፤ ለሚያልፈውም ቅደም ተከተሉ ምንም ነውር የለበትም፤ አስቀድሞ ዓይንንና ምላስን ማቅናት፣ ከዚያ በኋላ ልብን መክፈት ነው። ዳሩ ግን ከብዙዎቹ ልጆች የሚበዙት ከዳዊት በኋላ ወደ እርሻና ወደ ከብት ጥበቃ የሚመለሱ ነበሩ። ለእነዚህ «ቆይቶ ይገባሃል» የተባለው ነገር ሳይገባቸው ቀረ። አማርኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ልጅ ደግሞ መንገዱ እጥፍ ነበረ፤ የኔታ የሚያርሙበትም ቋንቋ ባዕድ ነበረና። መንግሥት በ1986 ዓ.ም. ባወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወሰን፣ የተነሣው ጥያቄ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ልጅ ያነበበውን ወዲያው መረዳት አለበትን ወይስ መቆየት ይችላል የሚል ነው። እኛ ወዲያው መረዳት አለበት ከሚሉት ወገን ነን፤ ነገር ግን አቡጊዳን ከዚህ ጋራ አብሮ መጣል አስፈላጊ ነበረ ብለን አናምንም።

ሁለተኛው ጉድለት ጽሕፈት ነው፤ አንባቢ ምናልባት ይገረም ይሆናል። በንባብ ቤት ብዙውን ጊዜ መጻፍ አይሰጥም ነበረ። ጽሕፈት ብራና ከመዳመጥ፣ ቀለም ከመበጥበጥና ብርዕ ከመቅረጽ ጋራ የተያያዘ የእጅ ሞያ ስለ ሆነ፣ የሚፈልግ ሰው ለብቻው ከቁም ጸሐፊ ዘንድ ይማረዋል። ከዚህም የተነሣ 150ውን መዝሙር ከነጸሎተ ነቢያቱ ሳይደናቀፍ የሚዘልቅ ሽማግሌ፣ የመሬት ክርክር ሲገጥመው፣ ከፍርድ ቤት ደጅ ለተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ገንዘብ ከፍሎ ያስጽፋል። ጸሐፊው ሲጨርስ ወረቀቱን ይቀበልና፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በቁም ንባብ አንብቦ የተሳሳተውን ፊደል ያሳየዋል።