ያውቁ ኖሯል? ባንኮክ ከወዳጅ ጋር

ባንኮክ ውስጥ ታይላንዳዊ ወዳጅዎ በአገሩ ልማድ «ማታ በሁለት ሰዓት እንገናኝ» ቢልዎት በእኛው ሁለት ሰዓት ማለቱ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በዕለት ተዕለት ንግግር ቀንና ሌሊቱን በየ6 ሰዓቱ ለአራት ከፍለው ስለሚቆጥሩ፣ ከምሽቱ አንድ እስከ አምስት ሰዓት ከእኛ ጋር ይገጥማሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ለእራት ቀጠሮ ይህ አያሳስብም።

የብስኩት ማሸጊያ ላይ 2570 የሚል ዓመት ቢያዩስ? አይደንግጡ። የታይላንድ ዘመን ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. 2025 እነሱ ዘንድ 2568 ነበር። ከእኛ ጋርማ ልዩነቱ እንደ ወሩ 550 ወይም 551 ነው።

ታይላንዶች ሩዝን በቾፕስቲክ እንደማይበሉስ ያውቁ ኖሯል? ማንኪያ በቀኝ፣ ሹካ በግራ ይያዛል፤ የሹካው ሥራ ምግቡን ወደ ማንኪያው መግፋት ነው። ሥጋው ተከትፎ ስለሚሠራ ቢላዋ አያስፈልግም። ቾፕስቲክ የኑድል ነው። ሩዙ ለየራስ፣ ሌላው ሁሉ መሐል ላይ ለጋራ ይቀርባል፤ አንድ ሁለት ማንኪያ እየወሰዱ መመለስ እንጂ ሳህን ላይ መከመር ነውር ነው። ብቻውን የሄደ ሰው አንድ ዓይነት ቀምሶ ይነሣል፤ አራት ሆነው የሄዱ አምስት ዓይነት ያዝዛሉ። ባንኮክን ለብቻ የማልመክረው ለዚህ ነው። ሂሳቡን እንደ ልማዱ ጋባዡ ወይም በዕድሜ ከፍ ያለው ይከፍላል፤ «በሞቴ እኔ ልክፈል» የሚለው ግብግብ የሐበሻ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቅዎታል።

ሶም ታም፣ ማለትም በሙቀጫ የሚወቀጠው የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ፣ በታይላንድ እጅግ የታወቀ ምግብ ነው። ነገር ግን ፓፓያው፣ ቃሪያው፣ ቲማቲሙና ኦቾሎኒው ሁሉም ዘራቸው ከአሜሪካ አህጉር የመጣ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቃሪያን ወደ እስያ ያደረሱት በ16ኛው መቶ ዘመን ፖርቹጋሎች ናቸው። ከዚያ በፊት የታይላንድን ምግብ ያቃጥል የነበረው ቁንዶ በርበሬና መሰሎቹ ነበሩ። የእኛም በርበሬ ዘሩ ከዚያው ከአሜሪካ ነው፤ ስለዚህ «ሐበሻ ነኝ፣ ቃሪያ አይበግረኝም» ብሎ የሚፎክር ጓደኛ ካለ ከትንሽ ጣት ያነሱትን ቃሪያዎች ያቅምሱትና ውሃ አጠገቡ ያስቀምጡለት።

ጾም ላይ ከሆኑ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈበትን ምግብ ቤት ይፈልጉ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባም፣ በዚህስ የእነሱ ጾም ከእኛም ይጠብቃል። በቻይናውያን አቆጣጠር በ9ኛው ወር ለ9 ቀናት በሚከበረው የዚሁ ጾም በዓል፣ ያዎዋራት የተባለው የቻይናውያን ሰፈር በእነዚህ ባንዲራዎች ይሞላል። ሶም ታም ግን ብዙውን ጊዜ ከተብላላ ዓሣ የሚወጣ ጨዋማ ፈሳሽና ደረቅ ሽሪምፕ አለበት። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለጓደኞችዎ እተዋለሁ።

እዚያው ያዎዋራት ጫፍ፣ ዋት ትራይሚት ቤተ መቅደስ ያለው የቡድሃ ሐውልት 5.5 ቶን ገደማ የሚመዝን የወርቅ ሐውልት ነው። ለረጅም ዘመን በልስን ተሸፍኖ ማንም ሳያውቀው ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲያዛውሩት ወደቀ፣ ልስኑ ተፈረከሰ፣ ወርቁ ብቅ አለ።

ዋት ፖ በተባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ ጋደም ያለው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል። ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈንም እንዲሁ። ከከተማዋ ወንዝ ማዶ ያለው ዋት አሩን ደግሞ በሸክላ ስባሪ የተጌጠ ነው፤ ሸክላው መርከቦች ሚዛናቸውን እንዲጠብቁ ከቻይና ጭነውት የመጡት ነው ይባላል።

የመኪና መጨናነቁን ለማምለጥ ሳን ሳብ በተባለው ቦይ ላይ በጀልባ ይሂዱ። ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ የተቆፈረው ለጦርነት ነበር፤ ዛሬ ሠራተኛ ያመላልሳል። ጠርዝ ላይ ከተቀመጡ ውሃ እንዳይረጭ ሸራውን በገመድ የሚስቡት እርስዎ ነዎት።

ጄይ ፋይ የተባሉት የመንገድ ዳር ምግብ አብሳይ እ.ኤ.አ. በ2018ቱ የሚሽሊን የምግብ ቤቶች መመሪያ መጽሐፍ ኮከብ ማግኘታቸውንስ ያውቁ ኖሯል? ሸርጣን የገባበትን የእንቁላል ጥብሳቸውን የሚጠብሱት በከሰል፣ የበረዶ መንሸራተቻ መነጽር አድርገው ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ የወሬ ጓደኛ ይዘው ይሂዱ።

ዱሪያን የሚባለውን ፍሬ ግን ወደ ክፍልዎ ይዘው አይሂዱ። ሽታው ስለማይለቅ ብዙ ሆቴሎች በር ላይ በሥዕል ይከለክላሉ። ያለው አማራጭ ገበያው ላይ አስፈልጦ፣ እዚያው ቆሞ፣ ተካፍሎ መጨረስ ነው።