በምድረ በዳ ከተማ የቤት ክዳን ዋጋ

በአሜሪካ የአሪዞና ክፍለ ግዛት መናገሻ በሆነችው በፊኒክስ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2023 የበጋ ወራት፣ የቀኑ ሙቀት 31 ቀን ሙሉ ሳያቋርጥ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሆኖ ስለ ዋለ፣ በዚያ የሚኖር ባለቤት ለጣራው የሚሠጋው ከዝናሙ ይልቅ ከፀሐዩ ሐሩር የተነሣ ነው።

ብዙዎቹ ቤቶች የለበሱት የሸክላ ወይም የሲሚንቶ ክዳን ግማሽ ምእት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊጸና ሲችል፣ ውኃውን በእውነት የሚከለክለው ግን ከሥሩ የተነጠፈው፣ ሬንጅ የጠጣው ስስ ምንጣፍ ነው፤ እርሱም በሐሩሩ እየደረቀና እየተሰነጣጠቀ ከ20 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ ኃይሉን ይጨርሳል። ስለዚህ ከመንገድ ለሚያየው አንዳች ነውር የሌለበት ጣራ፣ የሐምሌው ነጐድጓዳም ዝናም በወረደ ጊዜ ኮርኒሱን ሲያርስ ይገኛል።

ያን ጊዜ ሠራተኞቹ ሸክላውን አንድ በአንድ አንሥተው፣ ምንጣፉን ለውጠው፣ ያንኑ ሸክላ መልሰው ይደረድሩታል፤ ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ የቀድሞውን አሮጌ ክዳን መልሶ ማየቱ፣ ገንዘቡ ይልቁንም ለእጅ ሥራ የወጣ መሆኑን ላልተረዳ ሰው፣ መራራ መሆኑን አልክድም። ሒሳቡ የሚሰላው በ100 ካሬ ጫማ፣ ማለት ከ9 ካሬ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ስፍር ሲሆን፣ የጣራው ቁልቁለትና የሚሰበረው ሸክላ ዋጋውን ከፍ ያደርጉታል።

ከሁሉ የሚያከራክረው ክዳኑ ከተነሣ በኋላ የሚገኘው የበሰበሰ ጣውላ ስለ ሆነ፣ አስተዋይ ባለቤት የአንዱን ጣውላ ዋጋ ሥራው ሳይጀመር በውሉ ያስጽፋል።