«ቁጥጥር»፣ «ውድድር»፣ «ተቀጥላ»፦ የባንክ ሙያ ቃላት ማብራሪያ

ስለ ባንክ ሥራ በአማርኛ በሚጻፉ ሕጎች፣ ዘገባዎችና የጋዜጣ ሐተታዎች ውስጥ «ቁጥጥር» የሚለውን ያህል ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል አላገኘንም። «መንግሥት ባንኮችን ይቆጣጠራል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቢያንስ ሦስት ትርጓሜ አለው። አንደኛው፣ መንግሥት ባለቤት ወይም አዛዥ ሆኖ ብድሩ ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል ማለት ነው፤ ሁለተኛው፣ ባንኮች የሚመሩበትን ደንብ ያወጣል፤ ሦስተኛው፣ ደንቡ መከበሩን ሒሳባቸውን እየመረመረ ያረጋግጣል። ጉድለቱ የቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአጭር ማስታወሻ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ሦስቱ በኢኮኖሚ ዕድገት ላይ የሚያስከትሉት ውጤት የተለያየ ስለ ሆነ፣ ቃሉ ሲደበላለቅ ክርክሩም አብሮ ይደበላለቃል።

መደራረቡ ከታሪክ የመጣ ይመስለናል። በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክ ተቆጣጣሪ፣ ንግድ ባንክ ደግሞ ገንዘብ ተቀባይና አበዳሪ ሲሆኑ ልዩነቱ በተቋም ደረጃ ግልጽ ነበር። የግል ባንኮች በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ ግን ባለቤቱም፣ ደንብ አውጪውም፣ መርማሪውም አንዱ መንግሥት በመሆኑ ቃሉን ለመለየት የሚያስገድድ ጉዳይ አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የግል ባንኮች በሩ ሲከፈት ሥራው ተለያየ፤ ቃሉ ግን እንደ ተጣበቀ ቀረ።

እኛ የምናቀርበው አከፋፈል የሚከተለው ነው፦ የብድርን አቅጣጫ መወሰን «አዛዥነት»፣ ባንኮች ሁሉ የሚገዙበትን ሕግ ማውጣት «ሥርዓተ ደንብ»፣ የሕጉን መከበር መመርመር «ቁጥጥር» ይባል። ጥቅሙ በአስቸጋሪ ምሳሌ ይፈተን። ብሔራዊ ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶውን በሚያህል ገንዘብ የብሔራዊ ባንክን ሰነድ እንዲገዙ ታዘዙ። ሰነዱ 3 በመቶ ወለድ ሲያስገኝ፣ ባንኮቹ ለቆጣቢ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ በዚያን ጊዜ 5 በመቶ ነበር። በመልኩ መመሪያ ነውና ሥርዓተ ደንብ ይመስላል፤ በይዘቱ ግን ገንዘቡን ወደ ልማት ባንክ የረጅም ጊዜ ብድር የሚመራ ስለ ነበረ አዛዥነት ነው። ጥቅምና ጉዳቱን የሚመዝን ሰው «ቁጥጥር ይጥበቅ ወይስ ይላላ?» ብሎ ቢነሣ ጥያቄው ከመነሻው ይስታል፤ መመሪያው በ2012 ዓ.ም. ሲሻር የላላው አዛዥነቱ እንጂ የሒሳብ ምርመራው አልነበረምና።

«ውድድር» ብዙ አያከራክርም። «ፉክክር» እልህና ቅናት ስለሚያዝል ለሙያው አንመርጠውም። ጥንቃቄ የሚያሻው ብዛትን ከውድድር ጋር አለማምታታቱ ላይ ነው። ክላሰንስና ሌቨን 50 አገሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ገበያው በጥቂት ባንኮች እጅ መሆኑ ብቻውን ውድድርን እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኙም፤ ውድድሩ በርትቶ የታየው የውጭ ባንኮች በገቡባቸውና የመግቢያና የሥራ ገደብ ባነሰባቸው አገሮች ነው።

ይህም ሆኖ የውጭ ባለቤትነትና ውድድር አንድ አይደሉም። በ1897 ዓ.ም. በተፈረመ ውል የተመሠረተው የመጀመሪያው የአቢሲንያ ባንክ (ዛሬ በዚሁ ስም የሚሠራው አይደለም) በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነበር፤ የ50 ዓመት ብቸኛ መብትም ተሰጥቶት ነበር። የውጭ ነው፤ ተወዳዳሪ ግን አልነበረውም። ዴትራጂያሽ፣ ትሬሰልና ጉፕታ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩትም፣ በድኻ አገሮች የውጭ ባንኮች ድርሻ ከፍ ባለበት ለግሉ ዘርፍ የሚሰጠው ብድር አንሶ ተገኝቷል። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ እንግዶቹ ምርጥ ምርጡን ተበዳሪ ለቅመው ቀሪውን ይተዋሉ የሚል ነው። «መልቀም» የሚለው ያገራችን ቃል ይህን ከማንኛውም የውሰት ስያሜ አብልጦ ይገልጸዋል።

በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሲፈቀድ፣ ስልታዊ ባለሀብት የሚባለው በአንድ ባንክ እስከ 40 በመቶ ድርሻ እንዲይዝ ተወስኗል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የለንደኑ ግሪንድሌይስ በአዲስ አበባ ባንክ የያዘው ድርሻም ይኸው 40 በመቶ እንደ ነበር ለታሪክ ወዳድ አንባቢ እናስታውሳለን። ከድርሻ ሌላ ሁለት መግቢያዎች አሉ፤ «ቅርንጫፍ» እና «ተቀጥላ»። ቅርንጫፍ ከዋናው ባንክ ያልተለየ የሕግ ሰውነት ስላለው ዕዳው የዋናው ነው። ተቀጥላ ግን እዚሁ የተቋቋመ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሲሆን፣ ዋናው ባንክ ባሕር ማዶ ቢወድቅ ካፒታሉ በአገራችን ሕግ ሥር ይቆያል።

ችግሩ በባላገር አነጋገር ተቀጥላ ማለት በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ የዛፉን ምግብ እየሳበ የሚኖር ተክል መሆኑ ነው። ሥዕሉ ከሕጉ ሐሳብ ጋር ይጣላል፤ በዋናው ግንድ ላይ የሚኖረው ቅርንጫፉ ነውና። ያም ሆኖ ቃሉ በሕግ ስለ ጸና እንዲለወጥ አንጠይቅም። በመዝገቡ የሚገባው ፍቺ ግን እንዲህ ይሁን፦

ተቀጥላ፤ (ባንክ) በውጭ ባንክ ባለቤትነት ሥር ሆኖ በአገር ውስጥ ሕግ የተቋቋመ፣ የራሱ ካፒታልና የራሱ ዕዳ ያለው ባንክ። ከ«ቅርንጫፍ» ጋር አይምታታ።