ባለቤቱ የት ሄደ? ከግስ የተገኙ ስሞች በፖርቹጋልኛ



የዛሬውን ገለጻ በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከብዙ ዓመታት በፊት በፖርቹጋልኛ የተጻፈ አንድ የሠራተኛ ጉዳይ ሰነድ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠይቄ ነበር። የሰነዱ ርእስ «አ ዴኑንሲያ ዱ ትራባልያዶር» ይላል። «ትራባልያዶር» ሠራተኛ ነው፤ «ዴኑንሲያ» ደግሞ «ዴኑንሲያር» ከሚለው ግስ የተገኘ ስም ሲሆን ክስ ወይም ጥቆማ ማለት ነው። «የሠራተኛው ክስ» ብዬ ብተወው በቂ ነበር። እኔ ግን አማርኛው እንዲያምር ብዬ «የሠራተኛው መከሰስ» አልኩ። ሰውየው ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ አልነበረም፤ ደመወዙ ባለመከፈሉ አለቃውን የከሰሰ ሰው ነበር። ትርጉሙ እስኪታረም ድረስ በገዛ አቤቱታው ተጠያቂ ሆኖ ሰነበተ።

«መክሰስ» እና «መከሰስ» በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት። ያችን ፊደል ለመምረጥ የሚያስችል መረጃ በፖርቹጋልኛው ስም ውስጥ አልነበረም። ዛሬ የማስረዳው ይህንን ነው፦ ግስ ስም ሲሆን ምን ያጣል? ምንስ ያገኛል?

በመጀመሪያ ስለ አፈጣጠራቸው። ፖርቹጋልኛ ከግስ ስም የሚያወጣባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። አንዱ በድኅረ ቅጥያ ነው። «ኮንስትሩዊር» (መገንባት) በ«‑ሳኦ» «ኮንስትሩሳኦ» ይሆናል፤ «ፓጋር» (መክፈል) በ«‑ሜንቱ» «ፓጋሜንቱ»፣ «ላቫር» (ማጠብ) በ«‑ዤይን» «ላቫዤይን» ይሆናሉ። ሁለተኛው መንገድ የግሱን መድረሻ ቆርጦ በአናባቢ መዝጋት ነው፤ ከ«ኮምፕራር» (መግዛት) «ኮምፕራ»፣ ከ«አታካር» (ማጥቃት) «አታክ» የሚገኙት እንዲህ ነው። «ዴኑንሲያ»ም ከእነዚሁ ወገን ነው። ሦስተኛው ምንም ሳይቆርጡና ሳይቀጥሉ አርእስቱን እንዳለ ስም ማድረግ ነው። «ዣንታር» እራት መብላት ማለት ሲሆን «ኡ ዣንታር» ሲባል እራቱ ራሱ ነው።

እነዚህ ቃላት ስም ሲሆኑ የስምን መብት ሁሉ ያገኛሉ። መስተአምር ይቀድማቸዋል፤ ፆታ ይኖራቸዋል። በ«‑ሳኦ» እና በ«‑ዤይን» የሚያልቁት አንስታይ፣ በ«‑ሜንቱ» የሚያልቁት ተባዕታይ ናቸው። ብዙ ቁጥርም ይቀበላሉ፤ «ዣንታር» «ዣንታሬስ»፣ ግዴታ የሚል ትርጉም ያለው «ዴቬር» «ዴቬሬስ» ይሆናሉ።

ያጡትን ለማየት ሁለት ሐረጎችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው «ኤሌስ ፓጋሬይን አ ዲቪዳ» ሲሆን «እነሱ ዕዳውን መክፈላቸው» ማለት ነው። ሁለተኛው «ኡ ፓጋሜንቱ ዳ ዲቪዳ»፣ «የዕዳው ክፍያ» ነው። በመጀመሪያው ውስጥ ዕዳ ያለ መስተዋድድ በቀጥታ ተሳቢ ሆኗል። በሁለተኛው ግን «ዴ» የሚለው መስተዋድድ ከመስተአምሩ ጋር ተዋህዶ «ዳ» ሆኖ ገብቷል። ስም በቀጥታ መሳብ ስለማይችል መስተዋድድ ያስፈልገዋል። ፍጥነትን መጨመር ብንፈልግ የመጀመሪያው ተውሳከ ግሱን «ራፒዳሜንቴ» ይወስዳል፤ ሁለተኛው ቅጽሉን «ራፒዱ» ይወስዳል። የእኛም ቋንቋ እንዲሁ ነው፤ «ዕዳውን በፍጥነት መክፈላቸው» እንላለን፤ «ፈጣን የዕዳ ክፍያ» እንላለን።

«ፓጋሬይን» የሚለውን ቅርጽ ልብ በሉልኝ። የፖርቹጋልኛ አርእስት በመደብ ሊረባ ይችላል፤ ይህም ከታላላቆቹ የሮማንስ ቋንቋዎች መካከል ለይቶ የሚያሳውቀው ጠባይ ነው። መድረስ «ሼጋር» ነው፤ «ሼጋሬስ» የአንተ መድረስ፣ «ሼጋርሙስ» የእኛ፣ «ሼጋሬይን» የእነሱ ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ እንግዳ የሆነው ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎቼ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ መድረስህ፣ መድረሳችን፣ መድረሳቸው እንላለንና። ልዩነቱ በመንገዱ ላይ ነው። እኛ መደቡን የምናሳየው «ቤታችን» በምንልበት የአገናዛቢ ዝርዝር ነው። ፖርቹጋልኛ ግን የግስ መደብ አመልካች ይጠቀማል፤ ባለቤቱም እንደ ማንኛውም የዐረፍተ ነገር ባለቤት ሆኖ ይቆማል። አርእስቱ ከዚህም በላይ «ሴር» በሚለው ረዳት ግስ ተደራጊነትን፣ «ቴር» በሚለው ያለፈ ድርጊትን መግለጽ ይችላል። «ፓጋሜንቱ» ግን ማን እንደ ከፈለ፣ መቼ እንደ ከፈለ፣ ተከፍሎ ይሁን ገና ሊከፈል በቅርጹ አይናገርም።

ኖአም ቾምስኪ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ልዩነት አንሥቶ፣ እንደ «ፓጋሜንቱ» ያሉት ስሞች ከዐረፍተ ነገር በለውጥ የሚወጡ ሳይሆኑ በመዝገበ ቃላት ደረጃ የሚመሠረቱ ናቸው ሲል ተከራክሯል። ጄን ግሪምሾው በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፏ ድርጊትን የሚሰይሙትንና ውጤትን የሚሰይሙትን ለይታለች። ይህ ልዩነት ለፖርቹጋልኛም ጠቃሚ ነው። «ኮንስትሩሳኦ» አሥር ዓመት ፈጀ ከተባለ ድርጊቱ ነው፤ ከድንጋይ ነው ከተባለ የቆመው ሕንፃ ነው። አማርኛ «ግንባታ» እና «ሕንፃ» ብሎ በሁለት ቃላት የሚለየውን ፖርቹጋልኛ በአንድ ቃል ይሸከመዋል። የሚለየው ዐውዱ ነው።

አሁን ወደ ሠራተኛው እንመለስ። ችግሩ ያለው «ዴ» ላይ ነው። ግሱ ተሳቢ የማይፈልግ ከሆነ ጥርጣሬ የለም፤ «አ ሼጋዳ ዱ ኮምቦዩ»፣ «የባቡሩ መድረስ» ስንል የሚደርሰው ባቡሩ ነው። ግሱ ተሳቢ የሚፈልግ ሲሆን ግን «ዴ» አድራጊውንም ተደራጊውንም ሊያስከትል ይችላል። ዕዳ ከፋይ ሊሆን ስለማይችል «የዕዳው ክፍያ» ግልጽ ነው። ሠራተኛ ግን ይከሳልም፣ ይከሰሳልም።

ቋንቋው ይህን የሚፈታባቸው መንገዶች አሉት። «ፖር» የሚለው መስተዋድድ ከመጣ አድራጊውን ስለሚይዝ ለ«ዴ» የሚቀረው ተደራጊው ነው። «አ ዴኑንሲያ ዱ ትራባልያዶር ፔሉ ዤሬንቴ» ከተባለ የከሰሰው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ «ፔሉ» «ፖር» ከመስተአምር ጋር ሲዋሃድ የሚይዘው ቅርጽ ነውና። «ኮንትራ ኡ ዤሬንቴ»፣ ማለትም «በሥራ አስኪያጁ ላይ»፣ ከተባለ ደግሞ ከሳሹ ሠራተኛው ነው። በእኔ ሰነድ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ይህ «ኮንትራ» ተጽፎ ነበር። እኔ ርእሱን ተርጉሜ የጨረስኩት ወደዚያ ሳልደርስ ነው፤ ከደረስኩም በኋላ ተመልሼ አላረምኩትም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ከሰዋስው ክፍል የሚወጣ ነው። ፖርቹጋልኛ ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የኬፕ ቨርዴ፣ የጊኒ ቢሳውና የሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ የመንግሥት ቋንቋም ነው። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ ቋንቋ ትተረጉማላችሁ። ሰነዶቹ «ቅነሳ»፣ «ስንብት»፣ «ጥቃት»፣ «እስራት» በሚሉ ስሞች የተሞሉ ናቸው። ስም ባለቤቱን ሳይጠቅስ ሊያልፍ ይችላል፤ ሰዋስው አይከለክለውም። አንዳንዴ ጸሐፊው ለአጭርነት ያደርገዋል፤ አንዳንዴ አድራጊው እንዳይታወቅ ሆን ብሎ ያደርገዋል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ስሙን ባገኛችሁ ጊዜ ወደ ግሱ መልሱት፤ ግሱ ስንት ተሳታፊ እንደሚፈልግ ቍጠሩ፤ የጎደለውን በሰነዱ ውስጥ ፈልጉት። ካገኛችሁት «መክሰስ» ወይም «መከሰስ» ለማለት መብት አላችሁ። ካላገኛችሁት ግን «የሠራተኛው ክስ» ብላችሁ ጥርጣሬውን እንዳለ አስተላልፉ። የእኛም «የ» እንደ «ዴ» ሁለቱንም ፍች ትሸከማለችና፣ ሰነዱ ያልተናገረውን እኛ እንዳንናገር ትጠብቀናለች።