ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል
ተስፋ የሚጣልባቸው የትምህርት ቤት የእግር ኳስ ቡድኖች ለምን ወደ ኋላ ይቀራሉ?

የትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ውድድር ባበቃ ቁጥር በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ዘንድሮስ ጥሩ ጥሩ ልጆች ነበሩን፤ ታዲያ ምን ነካን?» ይባላል። አንዱ ዳኛውን፣ ሌላው ሜዳውን፣ ሦስተኛው ዕድሉን ይወቅሳል። ወቀሳው ሳያልቅ ፈተና ይደርሳል፤ ነገሩም እስከሚቀጥለው ዓመት ይረሳል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ችሎታ ያላቸው ተማሪዎች እያሉት በውጤት ወደ ኋላ የሚቀረውን ቡድን ነው። በእኛ አስተያየት የዚህ ዓይነቱ ቡድን ዋና ችግር የልጆቹ ድካም አይደለም። ቡድኑ ውድድር ባለበት ሰሞን ብቻ የሚኖር፣ በቀረው ጊዜ ግን የሌለ መሆኑ ነው።

ችሎታ እንዳለ አገራችን በተግባር አሳይታለች። በጥር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት አዲስ አበባ ላይ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዷል። ወጣቶቹን በሚመለከት ደግሞ ከ20 ዓመት በታች ያለው ቡድን በ1993 ዓ.ም. በአርጀንቲና በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ተካፍሏል። ይሁን እንጂ ብሔራዊ ቡድኑ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በ2005 ዓ.ም.፣ ማለትም ከ31 ዓመት በኋላ ነው። ችሎታና ውጤት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ከዚህ እንረዳለን። በትምህርት ቤት ደረጃ የሚለያያቸው ምን እንደሆነ ከዚህ ቀጥለን በተራ እንመልከት።

ሀ/ ቡድኑ የሚወለደው መቼ ነው?

በብዙ ትምህርት ቤቶች ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በጠዋት ሰልፍ ላይ ማስታወቂያ ይነገራል። ከሰዓት በኋላ መቶ ያህል ልጆች ሜዳ ይወጣሉ። መምህሩ በሁለት ቀን ውስጥ ሃያውን ይመርጣል፤ ማልያ ይታደላል፤ ጉዞ ይጀመራል። ይህ የፈተናው ዋዜማ ሲደርስ ብቻ ደብተሩን እንደሚገልጥ ተማሪ መሆን ነው። የልብና የሳንባ ጥንካሬ የሚገነባው በብዙ ሳምንታት ልምምድ እንጂ በጥቂት ቀናት ሩጫ አይደለም። የመሐል ተጫዋቹ የአጥቂውን አሯሯጥ ሳያይ የሚያውቀው አብረው ብዙ ጊዜ ከተጫወቱ ነው። ስለዚህ የእኛ ቡድን በመጀመሪያው አጋማሽ ደምቆ ታይቶ በሁለተኛው ቢደክም ሊያስገርመን አይገባም።

የውድድሩም አደራረግ ችግሩን ያባብሰዋል። ጨዋታው በጥሎ ማለፍ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን የተሸነፈ ቡድን የዓመቱ ጨዋታ አንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከአንድ ጨዋታ ደግሞ ማንም ብዙ አይማርም።

ለ/ ኳሱን የሚነካው ማን ነው?

ሒሳቡን እናስላ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪዎች አሉ እንበል፤ የሰውነት ማጎልመሻው ክፍለ ጊዜ ደግሞ 40 ደቂቃ ይሁን። መምህሩ አንድ ኳስ ወርውሮ 22 ልጆች ቢያጫውት 38ቱ ዳር ቆመው ያያሉ። ኳሱ ከሜዳ ሳይወጣ ለሁሉም እኩል ቢደርስ እንኳ ለአንድ ተጫዋች የሚደርሰው ከ2 ደቂቃ ያነሰ ነው። በእውነቱ ግን ጎበዞቹ ይዘውት ስለሚሄዱ ለሌላው ምንም አይተርፈውም።

አሁን ያንኑ ሜዳ በሰባት ትንንሽ ሜዳዎች እንከፋፍለው፤ አራት ለአራት ይጫወቱ። 56 ልጆች በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ የቀሩት አራቱ በየተራ ዳኛና መዝጋቢ ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚደርሰው ጊዜ ወደ 5 ደቂቃ ከፍ ይላል። «ሰባት ኳስ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ልጆቻችን በየሰፈሩ በካልሲና በጨርቅ ኳስ ሲያድጉ አይተናል። ለቅብብልና ለማታለል ልምምድ ይኸው ያገለግላል።

ሐ/ ምርጫችን ማንን ያስቀራል?

በ14 እና በ15 ዓመት ዕድሜ ልጆች እኩል አያድጉም። አንዱ ቀድሞ ይረዝማል፤ ሌላው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ይመዘዛል። በዘጠነኛ ክፍል ቁመትና ጉልበት አይተን ከመረጥን ዛሬ ትንሽ የሆነውን፣ ነገር ግን ዐይኑ ሜዳውን የሚያነበውን ልጅ እናጣዋለን። አንድ ጊዜ ያልተመረጠ ልጅ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል።

ከዚህ የባሰው ዕድሜው ያለፈውን ልጅ ሰነድ አስተካክሎ ማሰለፍ ነው። እንዲህ ያለ ዋንጫ ለትምህርት ቤቱ ምንም አያተርፍም፤ ተረኛው ልጅ ቦታውን ተነጥቋልና። ፊፋ በ2002 ዓ.ም. ናይጄሪያ ውስጥ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን አጥንት በኤም አር አይ ምስል መመርመር ጀምሯል። ስለዚህ በሐሰት ዕድሜ ያሳለፍነው ልጅ ከፍ ወዳለው ደረጃ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋበታል።

ሴቶች ልጆችም አሉ። ኳስ የወንድ ብቻ ነው የሚል ትምህርት ቤት ግማሹን ችሎታ ሳያየው ይጥላል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ደርባን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና በሴቶች ዋንጫውን የወሰደው የታንዛኒያው ፋውንቴን ጌት ትምህርት ቤት ነው።

መ/ ኳስና ትምህርት

ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ይህ ነው። ውድድር ሲደርስ ኮከቡ ተጫዋች ከክፍል ይወጣል፤ የቤት ሥራም ይማርለታል። ቡድኑ ሲሸነፍ ግን የሚያስታውሰው የለም። ወደ ክፍል ሲመለስ ሒሳቡና ፊዚክሱ ጥለውት ሄደዋል። ያ ልጅ ከኳሱም ከትምህርቱም ሳይሆን ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። በእግር ኳስ እንጀራ የሚበላው ከብዙዎች መካከል ጥቂቱ ብቻ እንደ ሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

በአንጻሩ፣ ኳስ ልጁን ትምህርት ቤት ውስጥ ሊያቆየውም ይችላል። የስፖርት መምህሩ በየወሩ የተጫዋቾቹን ውጤት ከክፍል ኃላፊዎች ጋር ቢመለከት፣ የደከመውን ከመቅጣት ይልቅ ጎበዝ ጓደኛ ቢመድብለት፣ ልጁ ለኳሱ ሲል ይማራል።

ጉዳትንም አንርሳ። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ልጅ በሦስተኛው ቀን ማሰለፍ ለዓመታት የሚያነክስ ችግር ሊያስከትል ይችላል። «አሥራ አንድ ፕላስ» የሚባለው የፊፋ የማሟሟቂያ ልምምድ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ከኳስ በቀር ምንም ዕቃ አይጠይቅም። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በደንብ ሲሠራ ጉዳትን በሲሶ ያህልና ከዚያም በላይ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል።

ሠ/ ከጎረቤቶቻችን ምን እንማራለን?

በኬንያ የካካሜጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በኡጋንዳ ደግሞ የኪቴንዴው ቅድስት ማርያም ትምህርት ቤት በእግር ኳስ ስማቸው ለብዙ ዓመታት ሲጠራ ኖሯል። ተማሪዎቹ በየጥቂት ዓመቱ ጨርሰው ይወጣሉ፤ የትምህርት ቤቱ ስም ግን ይቀጥላል። ትውልድ እየተለዋወጠ ቡድኑ ካልተለወጠ ኃይሉ ያለው በአንድ ኮከብ እግር ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ነው ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ትጉህ የስፖርት መምህር ሲመጣ ቡድኑ ያብባል፤ መምህሩ ሲዛወር ሁሉም ነገር አብሮት ይሄዳል። ማን በየትኛው ቦታ ይጫወት እንደ ነበር፣ ማን ተጎድቶ እንደ ነበር፣ ከታችኛው ክፍል ተስፋ የተጣለበት ማን እንደ ሆነ የተጻፈ ነገር አይገኝም። አዲሱ መምህር ከዜሮ ይጀምራል።

ረ/ ታዲያ ምን እናድርግ?

ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ዕቅድ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ አለ።

1ኛ/ በመስከረም የሁሉንም ፈቃደኛ ተማሪዎች ስም፣ ክፍልና ዕድሜ መመዝገብ፤ መዝገቡንም በርእሰ መምህሩ ቢሮ ማስቀመጥ። መምህር ሲዛወር ከሌላው ንብረት ጋር ይህንንም ደብተር ያስረክብ።

2ኛ/ ከጥቅምት ጀምሮ የክፍል ለክፍል ውድድር ማድረግ። ስምንት ክፍሎች እርስ በርስ አንድ አንድ ጊዜ ቢገጥሙ 28 ጨዋታ ይሆናል። በሳምንት ሁለት ቢደረግ በ14 ሳምንት ያልቃል፤ እያንዳንዱ ክፍልም ሰባት ጊዜ ይጫወታል። ምርጫው የሚደረገው ከዚህ ላይ ነው።

3ኛ/ ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል ሁለተኛ ቡድን ማቋቋምና ከዋናው ጋር አብሮ ማለማመድ፤ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ሲወጡ ተተኪ እንዳይጠፋ።

ተማሪዎች ሆይ፣ የእናንተም ድርሻ አለ። ግድግዳ ላይ በደካማው እግር በየቀኑ ሃምሳ ጊዜ ኳስ ለመምታት አሠልጣኝ አያስፈልግም። ጎበዙም ኳሱን ለጓደኛው ሲያቀብል ቡድኑን ያሳድጋል።

በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ መድረሱ አይቀርም። ቀበቶውን ዛሬ፣ ቆመን ሳለን፣ አጥብቀን እንታጠቅ።