ሳይሠሩ ማስላት፤ በክሪስታል ገጽ ላይ ስለሚሄደው ሞገድ

ተማሪውም የቢሮ ሠራተኛውም በኪሱ ይዞት የሚዞረው የእጅ ስልክ በውስጡ ከሚሸከማቸው ረቂቅ ዕቃዎች አንዱ በክሪስታል ገጽ ላይ የድምፅ ሞገድ እያስኬደ የሚሠራ ማጣሪያ ነው ቢባል የሚደነቅ ሰው አይታጣም። ነገሩ ግን በብዙዎቹ ስልኮች ዘንድ እውነት ነው። በአየር ከሚጐርፈው የሬዲዮ ሞገድ መካከል የሚፈለገውን አሳልፎ የቀረውን የሚያግደው ይኸው ማጣሪያ ነው።

የዚህን ሞገድ መኖር በሒሳብ ያሳየው ሎርድ ሬይሊ የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1885 ነበር። እርሱ ያሰበው ስለ ምድር መንቀጥቀጥ ነው እንጂ ስለ ስልክ አልነበረም። ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኋይትና ቮልትመር በክሪስታል ገጽ ላይ ቀጫጭን የብረት መስመሮች አንጥፈው ሞገዱን በኤሌክትሪክ አስነሡ። ሁለት ሚዶዎች ሳይነካኩ ጥርስ በጥርስ መካከል ገብተው እንደ ተቀመጡ ቍጠሩት። ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ክሪስታሉ ይኮማተራል፣ ይለጠጣል፤ መንቀጥቀጡም ገጹን ይዞ ይሄዳል። ማዶ ያለው ሌላ የሚዶ ጥንድ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሰዋል።

ሊቲየም ናዮቤት በተባለው ክሪስታል ላይ፣ ዋይ-ዜድ በሚሉት አቆራረጥ፣ የሞገዱ ፍጥነት በሴኮንድ 3,488 ሜትር ያህል ነው። በሴኮንድ 1,000 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ቢፈለግ የሞገዱ ርዝመት 3.5 ማይክሮን ይሆናል፤ የሚዶው ጥርስ ወርድ የዚህ ሩብ ነውና 1 ማይክሮን እንኳ አይሞላም። ይህን ሠርቶ፣ ስሕተቱን አይቶ፣ እንደገና መሥራት ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ መሐንዲሱ አስቀድሞ በኮምፒዩተር አስመስሎ ያሰላዋል።

አሠራሩም ክሪስታሉን በሐሳብ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ክፍሎች መክፈል፣ በየክፍሉ የመለጠጥንና የኤሌክትሪክን ሕግ አጣምሮ መጻፍ፣ ከዚያ ሁሉንም ባንድነት መፍታት ነው። ሞገዱ ከገጹ በታች ከአንድ ወይም ከሁለት የሞገድ ርዝመት እምብዛም ጠልቆ ስለማይገባ ከሥር ያለው ሁሉ አይሰላም፤ ይቈረጣል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ከመቍረጡ ነው። ሚዶው ከገጹ ሞገድ ሌላ ወደ ታች የሚሸሽ መንቀጥቀጥም ያስነሣል። እውነተኛው ክሪስታል ገና ወደ ታች የሚቀጥል ሲሆን፣ በስሌቱ ውስጥ ግን የተቈረጠው ሥፍራ ግድግዳ ይሆንና መንቀጥቀጡን መልሶ ይልከዋል። በወረቀቱም ላይ በዕቃው ውስጥ የሌለ ጫፍ ብቅ ይላል። መድኃኒቱ ከሥር ሞገድ የሚውጥ ንብርብር ማኖር ነው፤ ይህን ዘዴ ቤሬንዤ የተባለው ፈረንሳዊ በ1994 ለኤሌክትሮማግኔት ሞገድ አውጥቶት ኋላ ለዚህኛውም ተስማማ። ቀላሉ መፈተኛ ደግሞ የተሰላውን ጥልቀት ለውጦ ማየት ነው። ጫፉ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ የግድግዳው ነው።

ሌላው ፈተና ስንፍና ነው። አንድ የጥርስ ጥንድ ብቻ አስልቶ «ይህ ያለ ፍጻሜ ይደጋገማል» ማለት ፈጣን ነው፤ ፍጥነቱንም ደኅና አድርጎ ይሰጣል። ነገር ግን እውነተኛ ሚዶ ጫፍ አለው። ጥርሱ በበዛ መጠን የሚያሳልፈው የፍሪኩዌንሲ ስፋት ይጠባል፤ ፍጻሜ የሌለው ሚዶ ይህን ሊነግረን አይችልም።

በእኔ አስተያየት ወጣት ተማሪ በኮምፒዩተሩ ባለ ቀለም ሥዕል ከመማረኩ በፊት በ1968 ካምፕቤልና ጆንስ ያሰሉትን ቢደግም ይሻለዋል። ይኸውም የሞገዱን ፍጥነት ገጹ ባዶ ሲሆንና በስስ ብረት ሲሸፈን ማስላት ነው። በዚያው በዋይ-ዜድ አቆራረጥ ልዩነቱ ከመቶ 2.4 ያህል ነው፤ ኤሌክትሪኩና መንቀጥቀጡ ምን ያህል እንደ ተሳሰሩ የሚለካውም በዚህ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ካላገኘ ሌላ ባይጠየቅ ይመረጣል።

ቁጥሩ ቢገጥምም ሙቀት አለ። ይህ ክሪስታል አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ፍሪኩዌንሲው ከሚሊዮን 94 እጅ ያህል ዝቅ ይላል። በ30 ዲግሪ ልዩነት ከ1,000 ሜጋኸርዝ ወደ 3 ሜጋኸርዝ ይጠጋል ማለት ነው። ለዚህም ሲባል በአንዳንድ ማጣሪያዎች ላይ ሲሞቅ የሚጠነክር የሲሊኮን ዳዮክሳይድ ንብርብር ያለብሱበታል፤ ውፍረቱ ምን ያህል ይሁን የሚለውም እንደገና ይሰላል።